የዳሊያ ሥር በዕረፍቱ ወራት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



ከእኛ በፊት በዚህ ቦታ ቆመው የተናገሩት ሁሉ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ልማትና ስለ ወጣቱ ኀላፊነት ተናግረዋል። እኛ ግን የምንናገረው ስለ አበባ ሥር ነው። ርእሱ ከበዓሉ ክብር ጋራ ሲመዘን አነስተኛ መስሎ ቢታያችሁ አንፈርድባችሁም፤ ዳሩ ግን ነገሩ አስቸኳይ ስለ ሆነ እስከሚመጣው ዓመት በዓል ድረስ ሊያድር አይችልም።

ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ በመንገዱ ግራ የሚታየው የአበባ መደብ በታኅሣሥ ወር ይቈፈራል። በዚያ ላይ አዲስ የመማሪያ ክፍል ሊሠራ መሠረቱ ተለክቶ ችካሉ ተተክሏል። ክፍሉ እንዲሠራ ከሚመኙት ሰዎች መካከል የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን፤ በአንድ ወንበር ሦስት ሆነን የተማርን ልጆች ነንና። ነገር ግን በመደቡ ውስጥ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የተከሏቸው ዳሊያዎችና ግላዲዮለሶች አሉ። ከተከሏቸውም ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በወላጅነት ከፊታችን ተቀምጠው ይገኛሉ። ይህ ነገር በተነሣ ጊዜ፣ «አበባው እንደ ሆነ ሊደርቅ ነው፤ ይጣልና በሚመጣው ዓመት ሌላ ይገዛል» የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ለትምህርት ቤቱ ክፉ አስበው አይደለም፤ በዚህ ወራት የሚታያቸው የጠወለገ አገዳ ብቻ ስለ ሆነ ነው። እኛም ዛሬ ልናሳያችሁ የምንወደው ከአገዳው በታች ያለውን ነው።

ዳሊያ እንደ አደይ አበባ ያለ ተክል አይደለም። በዕፀዋት ሊቃውንት አመዳደብ ሁለቱ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። አደይ አበባ መስከረምን አስጊጦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል፤ በሚመጣው ዓመት የምናየው ልጁን እንጂ ራሱን አይደለም። ዳሊያ ግን አይሞትም። ዝናም በሚዘንብበት ወራት በቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ታች እያወረደ ድንች በሚመስሉ ወፋፍራም ሥሮቹ ውስጥ ያከማቻል። ብርድና ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉንና አገዳውን ይተዋቸዋል፤ ሕይወቱን ይዞ ከመሬት በታች ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ጠቍሮ የወደቀውን አገዳ አይቶ «ዳሊያው ሞተ» የሚል ሰው፣ ባለቤቱ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በሩ ስለ ተዘጋ ብቻ ቤቱ ወና ነው እንደሚል መንገደኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። በባሕር ማዶ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ዳሊያ ክረምት ሳይጠናበት ከመሬት እንዲወጣ ይመክራሉ። እኛም ስናነብና ስንተረጕም ያንኑ «ክረምት» የሚለውን ቃል እናገኛለን። የእነርሱ ክረምት ግን በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናም ነው። ምክሩን እንደ ቃሉ የተቀበለ የደጋ ሰው ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ማለት ዳሊያው ነቅቶ ማደግ በጀመረበት ሰዓት፣ ቈፍሮ ያወጣዋል ማለት ነው! በእኛ አገር ዳሊያ የሚያርፍበት ወራት ክረምት ሳይሆን በጋ ነው፤ ይኸውም ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ገደማ ያለው ጊዜ ነው።

ይህም በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። የዳሊያ የትውልድ አገሩ የሜክሲኮ ተራራማ ደጋ ነው። በዚያም እንደ እኛ ደጋ ሁሉ ዝናሙ የሚዘንብበት ወራት የታወቀ ነው፤ የቀረው ወራት ደረቅና ሌሊቱ ብርድ ነው። ዳሊያ መተኛትን የተማረው በዚያ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1789 ዘሩ ከሜክሲኮ ወደ ማድሪድ የዕፀዋት ማጥኛ ቦታ ተላከ፤ በ1791 ካቫኒዬስ የተባለው የእስፓኝ ሊቅ ለአንድሬያስ ዳል መታሰቢያ እንዲሆን ብሎ ዳሊያ የሚለውን ስም አወጣለት። ዳል የታላቁ የሊኔየስ ተማሪ የነበረ የስዊድን ሰው ነው፤ ስሙ ለአበባ በተሰጠ ጊዜ እርሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በአውሮፓ ሥሩን እንደ ድንች ለምግብ ለማዋልም ታስቦ ነበር፤ ጣዕሙን ግን የወደደለት አልተገኘም። የሜክሲኮ መንግሥት ዳሊያን ብሔራዊ አበባው አድርጎ ያወጀው በ1963 ነው።

እንግዲህ ይህ ተክል ወደ ሰሜን አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄድ ከማያውቀው ጠላት ጋራ ተገናኘ። በዚያ አገር የዕረፍቱ ወራት ደረቅ አይደለም፤ ዝናም፣ በረዶና ጭቃ የተቀላቀሉበት ነው። መሬቱም ከላይ ብቻ ሳይሆን ብዙ ቦታ ላይ ከስንዝር በላይ ወደ ውስጥ ድረስ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በሥሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን የሥሩን ሕዋሳት ይቀድዳቸዋል፤ በረዶው በቀለጠ ጊዜ የሚገኘው እንደ በሰበሰ ድንች የላሸቀ ነገር ነው። ስለዚህ የዚያ አገር አትክልተኞች የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቍረው ሥሩን ቈፍረው ያወጡና በምድር ቤት፣ ከድንችና ከካሮት አጠገብ፣ በሰጋቱራ ወይም በደረቅ አሸዋ ሸፍነው እስከ ፀደይ ያቈዩታል። በባሕር አጠገብ ባሉት ለዘብተኛ ብርድ ባላቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በደቡብ እንግሊዝ፣ ውሃ በማይቋጥር መሬት ላይ የተተከለውን በወፍራም የገለባ ጕዝጓዝ ሸፍነው በመሬቱ ውስጥ የሚተዉትም አሉ። በከባድ የሸክላ አፈር ላይ ግን እነርሱም አይደፍሩትም። ልብ በሉ፤ ይህን የሚወስነው ብርዱ ብቻ አይደለም። ሥር ደረቅ ሆኖ ሲተኛ የሚችለውን ብርድ፣ በውሃ ርሶ ሲተኛ አይችለውም።

ከእኛ ተራሮች የሄዱም እንግዶች በእነዚያ ምድር ቤቶች ውስጥ እንደሚከርሙ ብዙዎቻችን አናውቅም። ነጭ ሆኖ መካከሉ ወይን ጠጅ የሆነ፣ ሲመሽ ደስ የሚል ሽታ የሚሰጥ አንድ የግላዲዮለስ ዓይነት በኢትዮጵያ ደጋዎች በዱር ይበቅላል። ዕድሜውን በትግራይ ያሳለፈውና በ1878 በዓድዋ የሞተው ጀርመናዊው ሺምፐር ከሰበሰባቸው ዕፀዋት አንዱ ሲሆን፣ ሆክሽቴተር የተባለ የአገሩ ሰው በ1844 በሳይንስ ስም መዝግቦታል። ዛሬ የአውሮፓ ነጋዴዎች ራሱን እንደ ሽንኩርት በከረጢት አድርገው ይሸጡታል። የገዛውም ሰው በየዓመቱ በበልጋቸው ቈፍሮ ያወጣዋል፤ ከሌላው ግላዲዮለስ ይልቅ ሞቅ ያለ ማስቀመጫ ስለሚወድ ከቤት ውስጥ ያስገባዋል። እንሰትም እንዲሁ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን አውጥቶ ለአውሮፓ ካስተዋወቀው ወዲህ፣ ለቅጠሉ ውበት ሲሉ በአትክልታቸው ይተክሉታል፤ ውርጭ ሳይመጣም ነቅለው ቅጠሉን ቈርጠው ብርድ በማይገባበት ደረቅ ቦታ ያቆሙታል። የእኛ ገበሬ ለምግብ የሚተክለውን እነርሱ እንደ ጌጥ ልጅ ሲንከባከቡት ማሰብ ያስቃል። በትምህርት ቤታችን መደብ ያሉት ግላዲዮለሶች ግን ከደቡብ አፍሪካ ዘሮች እየተዳቀሉ በአውሮፓ የተገኙት ናቸው። የአገራችንን ግላዲዮለስ ለማየት የባሕር ማዶ ነጋዴን ዝርዝር መክፈት የሚያስፈልገን ለምን እንደ ሆነ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥያቄውን ትተንላቸው እንሄዳለን።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። እኛም አገር ውርጭ አለ፤ ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት፣ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር ኖሮ እንደ ጋቢ በሸፈናት ነበር። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቍልቍል ይፈስና በጐድጓዳው ስፍራ ይተኛል። ስለዚህ ነው በሸለቆው ያለውን ባቄላ ውርጭ መትቶት በተረተሩ ላይ ያለው ደኅና ሆኖ የሚያድረው። በግቢያችንም ይኸው ይታያል። ከታችኛው አጥር አጠገብ ያሉት ዳሊያዎች በጧት አመዳይ ለብሰው ሲታዩ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ያሉት ሁለት ሳምንት ያህል ቈይተው ያብባሉ፤ ግድግዳው በቀን ያገኘውን ፀሐይ በሌሊት ያካፍላቸዋልና።

ይሁን እንጂ የእኛ ውርጭ የሌሊት ሌባ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ አይገኝም። ቅጠሉን ያቃጥላል፣ አፈሩን ከላይ ያመዳያል፤ ነገር ግን ፀሐይ በየቀኑ ስለምታሞቀው አንድ ስንዝር ወደ ታች አይወርድም። እንግዲህ አሳባችንን በግልጥ እንናገር። በእኛ ደጋ ዳሊያን ከብርድ ለማዳን ብሎ መቈፈር አያስፈልግም። በጋው ራሱ ምድር ቤት ነው፤ አፈሩ ሰጋቱራ ነው። አገዳውን ቈርጦ፣ በላዩ ጥቂት ገለባ ወይም የደረቀ ሣር ጐዝጕዞ መተው ይበቃል።

ታዲያ በብዙ ግቢ ዳሊያ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ከውርጭ ይልቅ በደግነት ነው። አትክልተኛው በበጋ ለጽጌረዳው ውሃ ሲያጠጣ ለተኛው ዳሊያም ያካፍለዋል። የተኛ ሥር ውሃ አይጠጣም፤ የሚጠጣበት ቅጠል የለውም፤ ውሃው ከብቦት ይቀመጣል፣ ሻጋታ ይጀምረዋል፣ ይበሰብሳል። በጥር ወር ከጽጌረዳ ጋራ በአንድ መደብ የሚኖር ዳሊያ የሚያሳዝን ነው። ሁለተኛው ጠላት መረሬው ነው። ጥቍሩ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ቋጥሮ እንደሚይዝ ማንም ገበሬ ያውቃል፤ በዚያ ላይ ለዳሊያ መደቡን ከፍ አድርጎ ቦይ ማውጣት ግድ ነው። ከዚህም ሌላ ጃርትና ፍልፈል አሉ። ጃርት በሌሊት መጥቶ ድንች እንደሚቈፍር ሁሉ የዳሊያን ሥር ይቈፍራል፤ ፍልፈል ደግሞ ከታች ስለሚመጣ ዘበኛችን በባትሪ ቢጠብቀውም አይታይም። እንግዲህ ውሃ የማይለየው መደብ፣ የፍልፈል ጕብታ የሞላበት ቦታ፣ እንደ እኛም መሠረት የሚቈፈርበት መሬት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሥሩ ይወጣና በቤት ይቀመጣል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ውርጭ ቅጠሉን ካጠቈረው በኋላ አገዳው ከመሬት አንድ ስንዝር ተትቶ ይቈረጣል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መታገሥ ይሻላል፤ የሚመጣው ዓመት ዐይኖች በዚህ ጊዜ ይጐላሉና። ቍፋሮው ከአገዳው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ባለ ጥርስ በሆነ የብረት መንሽ ነው። ዶማ ሥሩን ይቈራርጠዋል። ሥሩን ከታች አንሥቶ በሁለት እጅ መያዝ እንጂ አገዳውን ይዞ መጐተት አይገባም።

ምክንያቱንም ማወቅ አለብን፤ ከንግግራችን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እንድትይዙ እንለምናለን። ድንች በገላው ሁሉ ዐይን አለው፤ ቈራርጠው ቢተክሉት ዐይን ያለው ቍራጭ ሁሉ ይበቅላል። ዳሊያ ግን በሥሩ ገላ ላይ አንድም ዐይን የለውም። ዐይኖቹ ያሉት ሥሮቹ ሁሉ ከአሮጌው አገዳ ጋራ በሚገናኙበት አንገት ላይ ብቻ ነው። አንገቱ የተሰበረ ሥር ምንም ወፍራምና ጤነኛ ቢሆን፣ ቢተክሉት ዓመቱን ሙሉ በመሬት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይበቅልም። በገበያ የገዙት ዳሊያ ሳይበቅል የቀረባቸው እናቶች «እጄ ለአበባ አይሆንም» ሲሉ ሰምተናል። እጃቸው ምንም አልበደለም፤ የተሸጠላቸው አንገት የሌለው ሥር ነው።

ከወጣ በኋላ የአገዳው ቀዳዳ ውሃ ስለሚይዝ ተዘቅዝቆ በጥላ ሥር ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ያጨማድደዋል። ከዚያም በሣጥን ውስጥ፣ ከታችም ከላይም ደረቅ ሰጋቱራ ተደርጎለት፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይደረደራል። ሰጋቱራውን ከከተማው እንጨት ቤት በነጻ ለማግኘት ቃል ተሰጥቶናል። ግላዲዮለስ ከዚህ ይቀልላል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይደርቃል። ያን ጊዜ አሮጌው የተጨማደደ ራስ ከአዲሱ ሥር በጣት ሲገፉት ይላቀቃል፤ ይጣላል። አዲሱ ራስ በቅርጫት ወይም በመረብ ከረጢት ያለ ምንም ሽፋን ይቀመጣል። በዙሪያው የሚገኙት እንደ አተር ያሉ ትንንሽ ራሶች ግን አይጣሉ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ከታገሧቸው ያብባሉ። እነዚህን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጥተናል፤ ሲያብቡ ለማየት ጊዜ ያላቸው እነርሱ ናቸውና።

ስለ ማስቀመጫው ቦታ ብዙ ተነጋግረናል። ለዳሊያ ሥር የሚስማማው ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያለ ቅዝቃዜ፣ ጨለማና ብዙ የማይደርቅ አየር ነው። አንዳንዶቻችን ከመኝታ ቤቱ ጣራ ሥር ያለውን ቆጥ መርጠን ነበር። ቆርቆሮ ግን በቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ በሌሊት ደግሞ ከውጭው አይሻልም። የተስማማነው ከወጥ ቤቱ በስተ ጀርባ ባለው የድንጋይ ዕቃ ቤት ነው። ከፊዚክስ ክፍል ተውሰን የሰቀልነው የሙቀት መለኪያ ቀንና ሌሊት ብዙ ሲለዋወጥ አልታየም። እዚያ ያሉትን አይጦች በሚመለከት ከወጥ ቤቱ ድመት በቀር ሌላ ዘዴ የለንም፤ ስለዚህ ሣጥኖቹ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናሉ።

ሥራው በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የተቀመጠ ሥር በወር አንድ ጊዜ መታየት አለበት። የበሰበሰ ቢገኝ የተበላሸው በንጹሕ ቢላዋ ተቈርጦ ቍስሉ አመድ ይነሰነስበታል። የተጨማደደ ቢገኝ በሰጋቱራው ላይ ጥቂት ውሃ በእጅ ይረጫል፤ ጥቂት ስንል ጥቂት ነው። በሚያዝያ ዐይኖቹ ሲቀሉና ሲያብጡ፣ እያንዳንዱ ሥር ቢያንስ አንድ ዐይን እንዲደርሰው ሆኖ ይከፈላል፤ በግንቦትም ከአዲሱ ክፍል በስተ ምሥራቅ በተሰጠን መደብ፣ አንድ ስንዝር ገደማ ጥልቀት ባለው ጕድጓድ ይተከላል። እስከዚያ ድረስ ያለውን እኛ እንሠራለን። በሐምሌ አገዳውን በእንጨት የሚደግፉትና በመስከረም ሲያብብ የሚያዩት ግን አሁን በ11ኛ ክፍል ያሉት ናቸው፤ እኛ ያን ጊዜ ፈተናችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ ወጥተናል። ስለዚህ ከክፍላቸው 6 ተማሪዎች ከአሁን ጀምሮ ከእኛ ጋራ እንዲሠሩ ጠይቀናል፤ ክፍላቸውም መርጦ ሰጥቶናል።

በመደቡ ውስጥ 38 የዳሊያ ጉድባዎች ቈጥረናል። አበባው ሳይረግፍ በየአንዳንዱ ላይ ቀለሙን የሚናገር የቆርቆሮ ቍራጭ በሽቦ አስረናል፤ ሥር ከወጣ በኋላ ቀዩ ከነጩ አይለይምና። ከወላጆች መካከል በተማሪነታችሁ የተከላችሁት ካለና የትኛው እንደ ሆነ ካስታወሳችሁ፣ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት በመደቡ አጠገብ ቆመን እንጠብቃችኋለን፤ ስማችሁንና የተከላችሁበትን ዓመት በመዝገቡ ላይ እንጽፋለን። በሚያዝያ ሲከፈልም ከየሥሩ አንድ ድርሻ ለተካዩ ይሰጣል።

ቍፋሮው ከዚህ በዓል በኋላ ባለው በሁለተኛው ቅዳሜ ከጧቱ በ2 ሰዓት ይጀመራል። የብረት መንሽ ያላችሁ ለልጆቻችሁ አስይዛችሁ ብትልኩልን እናመሰግናለን። ዶማ ግን አትላኩ።